ጥቆማ፦ ባለኳስ መገጣጠሚያ አሻንጉሊት ስንመርጥ ምን እንይ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያዬን የሬዚን (የጠንካራ ፕላስቲክ) አሻንጉሊት፣ ክፍሎቹ በውስጡ በሚያልፍ ላስቲክ ተወጥረው የተያያዙትን ዓይነት፣ ለማዘዝ እያወዳደርኩ ነው። ፌሪላንድ የተባለው አምራች ሚኒፊ፣ የቮልክስ ኩባንያ ሱፐር ዶልፊ እና ሬዚን ሶል የተባለው አምራች ሥራዎች ላይ ደርሻለሁ። ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራሉ፤ ልዩነታቸውን ግን መለየት አልቻልኩም። ልብስ መቀያየርና ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ወደፊት ፊቱንም ራሴ መቀባት አስባለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መላሽ አንድ፦
እህቴ፣ ምርጫሽን ከፊቱ አትጀምሪ። ፎቶው ላይ ዓይንሽን የሳበው አብዛኛው ቅብ፣ ዊግና ዓይን ነው። ሦስቱም ተነስተው በሌላ ይተካሉ። አብሮሽ የሚቆየው አካሉ ነው።

የአምራቹን ገጽ ስትከፍቺ ልብስም ቅብም የሌለበትን ፎቶ ፈልጊ። አራት አቋም ሳታዪ አትወስኚ፦ ያለ ድጋፍ ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ተንበርክኮ፣ እጁ ፊቱን ነክቶ። ነጠላ መገጣጠሚያ ያለው ክርን ከ90 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ እጁ አገጩ ጋ አይደርስም። ድርብ መገጣጠሚያ ማለት በላይኛውና በታችኛው ክንድ መካከል ሌላ ትንሽ ቁራጭ የገባበት ነው፤ እሱ እጁን ጉንጩ ላይ ያሳርፋል፣ ጉልበቱም ላይ ካለ ተረከዙን ወደ መቀመጫው ያስጠጋል። ጉዳቱ፣ ክንዱ ሲዘረጋ ስንጥቁ ሁለት ቦታ ይታያል፤ አጭር እጅጌ ለብሶ በቅርብ ሲነሳ ይህን የማይወዱ አሉ።

ጭኑ ላይ የሚዞር ክፍል ካለው እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። ደረቱና ሆዱ ተለያይተው ከተሠሩ ይጎነበሳል፣ ወደ ጎንም ይዘማል። ወጥ ሆኖ የተሠራ ግንድ ግን ሲቆም ይበልጥ ይረጋጋል። ፎቶ ማንሳት ዋናው ፍላጎትሽ ከሆነ ሁለት ክፍል ያለውን ግንድ እመርጥልሻለሁ።

ከጠቀስሻቸው መካከል በአቋም ሚኒፊ ይበልጣል። ድርብ መገጣጠሚያው በደንብ የታሰበበት ነው፣ መጠኑም ለእጅ ይመቻል።

መላሽ ሁለት፦
በሚኒፊ እስማማለሁ፤ ስለ መጠን ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ልብስ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ፣ የሰው ቁመት አንድ ሦስተኛ የሚባለው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቮልክስ በ1999 ሱፐር ዶልፊን ሲያወጣ መለኪያ ሆኖ የቀረው ይህ ቁመት ነው። መካከለኛው፣ አንድ አራተኛው፣ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፤ ትንሹ፣ አንድ ስድስተኛው፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ቁመት ልብስ አይወስንም። ሚኒፊና የቮልክስ መካከለኛ አሻንጉሊት በቁመት ይቀራረባሉ፤ ሚኒፊ ቀጭን ወጣት፣ የቮልክሱ ደግሞ ሞላ ያለ የልጅ አካል ስላለው የአንዱ ሱሪ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ልብስ ከማዘዝሽ በፊት ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋትና የእግር መዳፍ ርዝመት ጻፊ። ጫማ ላይ ርዝመቱ ብቻ አይበቃም፣ ወርዱንም ለኪ፤ ለረጅም ተረከዝ የሚሆን መዳፍ ከጠፍጣፋው ተለይቶ የሚሸጥ መሆኑንም አስቢ።

60 ሴንቲ ሜትሩ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቆንጆ ልብስና ጫማ ይገኝለታል፤ ሆኖም ይዞ መውጣትና ለአንድ ፎቶ ደጋግሞ ማስተካከል እጅ ያዝላል። ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትሩ ይሻላል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። የሬዚን ሶልስ? ጥራቱ በጣም ይለያል?

መላሽ ሦስት፦
ሬዚን ሶል ከቻይና ነው፤ ዋጋው ቀለል ይላል። ለመለማመድ ጥሩ ነው፤ ፊት መቀባት ልትማሪ ከሆነ ውድ ጭንቅላት ላይ ባትጀምሪ ይመረጣል። ልዩነቱ የሚታየው አጨራረሱ ላይ ነው፦ የቅርጹ ሁለት ግማሾች የሚገናኙበት መስመር በክንድና በእግር ጎን ጎልቶ ሊቀር ይችላል። እሱን ራስሽ ታለሰልሺዋለሽ። 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 600፣ በመጨረሻ 1000፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ነክረሽ። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ሲፈገፈግ አይበንም፤ ቢሆንም የአቧራ ማስክ አድርጊ። ጠቆር ያለ የቆዳ ቀለም ካዘዝሽ ይህን ሥራ ተጠንቀቂ፤ ፍቀቱ ነጣ ብሎ ይታያል፣ ለመሸፈንም ያስቸግራል።

የሌሎች አምራቾችን አሻንጉሊቶች ጠባይ በአጭሩ ልንገርሽ። ኢፕልሃውስ ለእውነተኛ ሰው የቀረበ፣ ጡንቻማ፣ ከበድ ያለ አካል ነው። ሱም ቀንድ፣ ሰኮናና ክንፍ ላላቸው የምናብ ፍጡሮች ይታወቃል፤ ውብ ናቸው፣ ሾጣጣ ክፍላቸው ግን ቶሎ ይሸረፋል። ዶል ሻቶ ቀጭንና ረጃጅም እጅና እግር ይወዳል፤ ለማቆም ያስቸግራል፣ ልብሱም በልክ መሰፋት አለበት። ዶልፊ ድሪምና ስማርት ዶል ከዚህ ቤተሰብ ወጣ ይላሉ፤ ቆዳቸው ቪኒል (ለስለስ ያለ ፕላስቲክ) ሆኖ ውስጣቸው አጽም አለ፣ በላስቲክ አልተወጠሩም። አቋም አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሆኖም ጥቁር ወይም ቀይ ልብስ ቪኒሉን ሲበክል ቀለሙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሬዚን ላይ ግን የላይኛውን ስስ ሽፋን ሜላሚን በሚባለው የማጽጃ ስፖንጅ ፈግፍጎ ማስለቀቅ ይቻላል።

መላሽ አራት፦
ስለ ሬዚን ሳይነሳ የቀረው ትልቁ ነገር ቢጫ መሆኑ ነው። ፖሊዩረቴን የሚባል ፕላስቲክ ነውና ሁሉም ይቀየራል፤ ጥያቄው በምን ፍጥነት የሚለው ነው። ዋናው ምክንያት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ጨለማ ሳጥን ውስጥም ቢሆን በዝግታ ይቀጥላል። ጨረር የሚከላከል ስፕሬይ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ብርሃን የሚያሳልፍ የሚመስለው የፈረንሳይ ሬዚን የሚባለው ዓይነት እንደ ሰው ቆዳ ይለሰልሳል፣ ፎቶ ላይም ያበራል፤ ለውጡን ግን ቶሎ ያሳያል። ነጭ ቆዳ ላይ ለውጡ ጎልቶ ሲወጣ ጠቆር ያለው ላይ ብዙም አይለይም።

ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ ሻጩን ሦስት ፎቶ ጠይቂ። አንደኛ፣ በመስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት ብርሃን፣ ከንጹሕ ነጭ ወረቀት ጋር። ወረቀቱ ከሌለ ካሜራው ቢጫውን ያጠፋዋል፣ ወይም የሌለውን ይፈጥራል። ሁለተኛ፣ የራስ ቅሉ ክዳን ተከፍቶ የውስጡና የውጪው ቀለም ጎን ለጎን። ውስጡ ብርሃን ስለማያገኝ ለመጀመሪያው ቀለም የቀረበ ሆኖ ይቆያል። ሦስተኛ፣ የመገጣጠሚያው ጠርዝ በቅርብ፤ ላስቲክ በጣም ከተወጠረ ኳሱ ጠርዙን እየመታ ይሸርፈዋል። ጣቶቹንም ቁጠሪ። የተሰበረ ጣት በሱፐር ግሉና በቀጭን ሽቦ ይጠገናል፤ ሻጩ ካልነገረሽ ግን ሌላ ነገርም ሳይደብቅ አይቀርም።

ጠያቂ፦
የተቀዳ የሚሉትን እንዴት ነው የምለየው?

መላሽ አራት፦
የተቀዳ ማለት ከዋናው አሻንጉሊት ላይ ያለ ቀራፂው ፈቃድ ቅርጽ ተወስዶ የተባዛ ነው። ከዋናው በትንሹ ያንሳል፣ የከንፈርና የጆሮ መስመሩ ይደበዝዛል፣ ከሌላ ዋና አካል ጋር ሲገጠምም አንገቱ አይስማማም። ዋናው የምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ወረቀትም ሊጭበረበር ስለሚችል ግን የግዢ ደረሰኝና ሳጥኑን ጭምር ጠይቂ። አንድ ቀራፂ አንድ ፊት ላይ ወራት ይፈጃል፤ ገንዘቡ ለእሱ መድረስ አለበት። ስለዚህ አቅም ካነሰ ከአንድ ታዋቂ ፊት ቅጂ ይልቅ ቀለል ያለ ዋጋ ያለው ዋና ሥራ ግዙ እላለሁ።

መላሽ አምስት፦
የትእዛዝ ቅጹ ላይ ምን እንደሚካተት ቃል በቃል አንብቢ። ብዙ ጊዜ ዋጋው ለባዶ አሻንጉሊት ነው፦ ያልተቀባ፣ ዊግ የሌለው፣ ልብስ የሌለው፣ ዓይኑም እንደ ዕድል የሚመጣ። ቅብ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ከተጨማሪዎቹ መካከል ትርፍ እጆችን እመክራለሁ፤ ቀጭን ጣት ቀድሞ የሚሰበረው ነው፣ የተለያየ የእጅ ቅርጽም ለፎቶ ይጠቅማል። አብዛኛው በትእዛዝ የሚሠራ ስለሆነ ወራት ያስጠብቃል።

ዓይን፦ መጠኑ በሚሊ ሜትር ነው፤ ለመካከለኛው 14 ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ ለትልቁ ከ14 እስከ 16፤ ሁልጊዜ ግን የቀራፂውን ምክር ተመልከቺ። ብርጭቆ ዓይን ጥልቀት አለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ሕያው ይመስላል፤ ከኋላው ጉብ ያለ ጭራ ካለበት ግን ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ አይቀመጥም፣ በዓይኑና በዓይን ቆቡ መካከል ክፍተት ይቀራል። አክሪሊክ ይቀላል፣ ጥራቱ ዝቅ ያለው ግን ላዩ ይጫጫራል። ሲሊኮን ይለጠጣል፣ ስለዚህ ከጉድጓዱ ጋር ይስማማል፤ ለጀማሪ እሱ ይመቻል። መያዣው ነጭ የዓይን ፑቲ (እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ማጣበቂያ) ይሁን። ዘይት ያለው የልጆች ጭቃ ሬዚኑ ውስጥ ይሰርጋልና አትጠቀሚ።

ዊግ፦ ትልቁ ከ8 እስከ 9 ኢንች፣ መካከለኛው ከ7 እስከ 8፣ ትንሹ ከ6 እስከ 7 ነው። ዊግ እንዳይንሸራተት ስስ የሲሊኮን ቆብ ከሥሩ አድርጊ፤ ጥቁር ዊግ ጭንቅላቱን እንዳይበክልም ይከላከላል። ሞሄር (የአንጎራ ፍየል ጸጉር) ለስላሳና ለመጠኑ ተመጣጣኝ ነው፣ በትንሽ ጭንቅላት ላይ ከሰው ሠራሽ ጸጉር ይልቅ ተፈጥሯዊ ይመስላል።

መላሽ ሦስት፦
ራስሽ ስለምትቀቢ አሠራሩን ባጭሩ። ጭንቅላቱን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቢ፣ አድርቂ። ማት ስፕሬይ (የማያብለጨልጭ መከላከያ ሽፋን) ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት በስሱ ንፊበት፣ 30 ደቂቃ ጠብቂ፣ አንድ ጊዜ ድገሚ። ይህ ሽፋን ቀለሙ እንዲይዝና ሬዚኑን እንዳይበክል ያደርጋል። ከዚያ ለስላሳ ፓስቴል (የጠመኔ ዓይነት ቀለም) ፈጭተሽ በብሩሽ ጉንጭና የዓይን ዙሪያ፤ ሽፋን፤ በውሃ ቀለም እርሳስ ቅንድብና የከንፈር ስንጥቅ፤ እንደገና ሽፋን፤ በመጨረሻ በቀጭን አክሪሊክ ሽፋሽፍት። በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ሽፋን ካለ ስሕተትሽን ስትጠርጊ ታችኛው አይነሳም። በጣም የተለመደው ብልሽት ነጭ ጉም ነው፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ይመጣል። እርጥበቱ ከ60 በመቶ ካለፈ አትንፊ። ስፕሬዩ ራሱ መርዛማ ነው፤ የአቧራ ማስክ አይበቃም፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክና ነፋስ የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል። የተበላሸ ቅብ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይነሳል። አሴቶን ግን የሬዚኑን ገጽ ይጎዳል፣ ቪኒል ደግሞ ያቀልጣል፤ አታስጠጊ።

ጠያቂ፦
እሺ። ላስቲኩ ሲላላ ምን ይደረጋል?

መላሽ አንድ፦
ራሱ ወደ ፊት ዘንበል ካለ፣ ቆሞም ጉልበቱ ከታጠፈ ላልቷል። አውጥተሽ የቀድሞውን ርዝመት ለኪ፤ አዲሱን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አሳጥረሽ ቋጪ። ለ60 ሴንቲ ሜትሩ እግር 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ለእጁ ከ3 እስከ 4፤ ለመካከለኛው 3፤ ለትንሹ 2 ይበቃል። የድሮውን ላስቲክ ከማውጣትሽ በፊት ጫፉ ላይ ሪባን አስረሽ ሳብ ካደረግሽ ሪባኑ በቦታው ይገባል፣ አዲሱን ለማሳለፍም ይቀልላል፤ ላስቲኩ የሚታሰርበትን መንጠቆ የምትይዢበት ፒንሳ አፉን በጨርቅ ሸፍኚ።

ከልክ በላይ ካጠበቅሽው ደግሞ እግሩ በራሱ ይወረወራል፣ ጠርዙም ይሸረፋል። ይህን ሳታጠብቂ የምትፈልጊውን መቆም የምታገኚው በኳሱ ማረፊያ ውስጥ ቀጭን ሱዊድ (ላዩ ሸካራ የሆነ) ቆዳ በመለጠፍ ነው። ሆት ግሉ (በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ) ስስ አድርገሽ ብታፈሺና ሲደርቅ ብታስተካክዪውም ይሠራል፣ ሲያስፈልግም ተልጦ ይነሳል። ቆዳው ብዙ ጊዜ ዳሌና ጉልበት ላይ ብቻ በቂ ነው። ለእጆች አልሙኒየም ሽቦ ከላስቲኩ ጎን አስገብተሽ አቋም ታስይዣለሽ፤ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፊው፣ አለዚያ ከውስጥ ሬዚኑን ይፍቃል።

ለረጅም ጊዜ ሳትነኪው ልታስቀምጪው ከሆነ አጋድመሽ፣ እጅና እግሩን ዘርግተሽ፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አድርጊ። ታጥፎ ከተቀመጠ ላስቲኩ በታጠፈበት በኩል ይለጠጣል፤ በኋላ ስታቆሚው ወደዚያው ወገን ያዘነብላል።