ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን በዝቷል ተባልኩ፤ የታዘዘልኝን ክኒን ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ጥያቄ፦ መምህር ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። 52 ዓመቴ ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከተገኘብኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሜትፎርሚንና ለደም ግፊት አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም እወስዳለሁ። ከሁለት ወር በፊት ሽንቴ እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ እየሠራ፣ አረፋውም ቶሎ አልከስም ሲል ተመረመርኩ። በሽንቴ ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ከክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ ከሚያስወግደው ቆሻሻ) ጋር ሲመዘን 640 ሚሊግራም በግራም ሆኖ ተገኘ፤ የደሜ ክሬቲኒን 1.2፣ ግፊቴ ደግሞ 148 በ92 ነበር። ሐኪሜ ኢናላፕሪል ጨመረልኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቅርብ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ስመረመር ክሬቲኒኑ 1.4 ደርሶ ነበር። ውጤቱን ያየው ባለሙያ «ይህ ክኒን ኩላሊትህን እየጎዳው ነው» ስላለኝና ሌሊት ሌሊት የሚያስጨንቅ ደረቅ ሳልም ስለጀመረኝ መድኃኒቱን ካቆምኩ 12 ቀን ሆነኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ፕሮቲን የሚወጣው ፕሮቲን ስለበላህ ነው ብለው ሽሮም ምስርም ሥጋም አስተዉኝ፤ ባለቤቴ ድንች በእንጀራ ብቻ ስታቀርብልኝ ከርማ አራት ኪሎ ቀንሼ 71 ኪሎ ገብቻለሁ። ቆሜ ስለማስተምር ማታ ማታ እግሬ ያብጣል፤ ጉልበቴንም ሲያመኝ ዲክሎፌናክ ገዝቼ እወስዳለሁ። ዐቢይ ጾምም እየደረሰ ነው። ክኒኑን ማቆሜ ትክክል ነበር? ምን ልብላ? ፕሮቲኑስ በእርግጥ ይቀንሳል?

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከአዳማ

መምህር፣ ስለ ምርመራው ብቻ ልናገር። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራው በሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት ነው፤ ቢጫ የነበረው ምልክት ወደ አረንጓዴ ሲዞር አንድ ፕላስ፣ ሁለት ፕላስ እየተባለ ይጻፋል። ይህ ለመነሻ ይጠቅማል እንጂ ሰውየው ውኃ ሳይጠጣ ውሎ ሽንቱ ሲወፍር ውጤቱ ከፍ ይላል፣ ብዙ ጠጥቶ ሲመጣም ዝቅ ይላል። እርስዎ የተሠራልዎት ንጽጽር ግን ይህን ስለሚያስተካክል በየጊዜው ለማወዳደር የሚሆነው እርሱ ነው። ከ30 በታች ጤናማ፣ ከ30 እስከ 300 መካከለኛ፣ ከ300 በላይ ከፍተኛ ይባላል።

ይሁንና በአንድ ውጤት ብቻ አይወሰንም። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የዋዜማው ከባድ ስፖርት፣ በሴቶች ደግሞ የወር አበባ ቁጥሩን ለጊዜው ሊያንሩት ይችላሉ። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከሚሰጡ ሦስት ናሙናዎች ቢያንስ በሁለቱ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ናሙናውን ከእንቅልፍ እንደተነሡ ከሚሸኑት፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ትንሽ ካፈሰሱ በኋላ ከመካከሉ ይያዙ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖችም ውጤታቸው በሚሊግራም በሚሊሞል ከተጻፈ ቁጥሩን በ8.84 ማባዛት እንዳለባቸው አይርሱ፤ «የእኔ 72 ብቻ ነው» ብሎ የተጽናና ሰው በእኛ አጻጻፍ 640 ገደማ ላይ ነው ያለው።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

መምህር፣ ሳልመረምርዎት ማዘዝ አልችልም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን እንዳቋረጡ ለሐኪምዎ ሳይነግሩ ይህ ሳምንት እንዳያልፍ እለምንዎታለሁ።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ጠላ በጨርቅ ሲጠለል ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጨርቁን በቀስታ ከያዙት የጠራው ይወርዳል፣ አጥብቀው ከጨመቁት ግን አተላውም አብሮ ያልፋል፣ ጨርቁም ውሎ አድሮ ይሳሳል። ስኳርና የደም ግፊት በማጣሪያዎቹ ላይ የሚያደርሱት ይህንኑ ጭመቃ ነው። ኢናላፕሪል ደሙ ከማጣሪያው የሚወጣበትን ቧንቧ በማስፋት የውስጡን ግፊት ያላላል፤ ግፊቱ ሲላላ የሚያመልጠው ፕሮቲን ይቀንሳል፣ የሚጣራው ፈሳሽም በመጀመሪያ ጥቂት ስለሚቀንስ ክሬቲኒን ከፍ ይላል። እኛ ሐኪሞች ይህን ስለምንጠብቅ ነው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሬቲኒንና ፖታሲየም (በደም ውስጥ ሲበዛ ልብን የሚያውክ ማዕድን) እንዲለካ የምናዝዘው። ጭማሪው ከ30 በመቶ ካልበለጠ መድኃኒቱ አይቆምም፤ ከ1.2 ወደ 1.4 መሄድ ደግሞ 17 በመቶ ያህል ነው። «ጎዳህ» የተባለው እንግዲህ መድኃኒቱ ሥራውን ሲጀምር የሚታይ ለውጥ ነበር።

ሳሉ ሌላ ጉዳይ ነው። የኢናላፕሪልና የወንድሞቹ የታወቀ ጠባይ በመሆኑ ሊታገሡት አይገባም፤ መፍትሔውም ሐኪሙ ወደ ሎሳርታን እንዲቀይርልዎ ማድረግ ነው። እርሱም ፕሮቲኑን በተመሳሳይ መንገድ ይቀንሳል፣ ሳል ግን እምብዛም አያስከትልም። ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ ግን አይገባም፤ በ2008 እና በ2013 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ጥምረቱ ጥቅም ሳይጨምር ፖታሲየምን እንደሚያንርና ኩላሊትን በድንገት እንደሚያደክም አሳይተዋል። ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም እግረ መንገዴን ልናገር፤ ኢናላፕሪል ወስዶ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ ሰው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድና ያንን መድኃኒት ዳግመኛ አለመንካት አለበት፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ሴትም ኢናላፕሪልንም ሎሳርታንንም መውሰድ የለባትም።

አምሎዲፒን ግፊትን ጥሩ አድርጎ ያወርዳል፤ ለፕሮቲኑ ግን ብቻውን አይበቃም። ደግሞም በ10 ሚሊግራም እግርን ማሳበጡ የተለመደ ስለሆነ የማታው እብጠት የግድ ከኩላሊት የመጣ ነው ማለት አይደለም። ጠዋት ፊትዎና የዐይንዎ ቆብ የሚያብጥ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ። የግፊቱ ግብ ከ130 በ80 በታች ነው።

ዲክሎፌናክን ከዛሬ ጀምረው ይተዉት። ደሙ ወደ ማጣሪያው የሚገባበትን ቧንቧ ስለሚያጠብ፣ የመውጫውን ከሚያሰፋው ክኒን ጋር ሲገናኝ ኩላሊቱን ከሁለቱም በኩል ያስጨንቀዋል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ለጉልበትዎ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይሻላል።

ጎረቤቶችዎ ስላሉት ምግብ፦ በሽንት የሚወጣው የደምዎ ፕሮቲን እንጂ የበሉት ምስር አይደለም። በብዛት መብላት ኩላሊትን ስለሚያሠራ እንዳይበዛ እንመክራለን፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 0.8 ግራም ነው፣ ለእርስዎ 57 ግራም ያህል ይሆናል። በመቶ ግራም የሽሮ ዱቄት ውስጥ 20 ግራም ገደማ አለ፤ ከአንድ ሰሃን ሽሮ መሸሽ አያስፈልግዎትም ማለት ነው። በአንድ ቁጭታ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ የበላ ሰው ግን የሁለት ቀን ድርሻውን ሊያጠናቅቅ ጥቂት ነው የቀረው። አራት ኪሎ የቀነሱት ጡንቻዎን ጭምር መሆኑ ያሳስበኛል።

በመጨረሻም ዳፓግሊፍሎዚን ስለሚባለው ክኒን ሐኪምዎን ይጠይቁ። በ2020 የወጣውና 4,304 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ስኳር ባለባቸውም በሌለባቸውም የኩላሊት ሕመምተኞች ዘንድ የበሽታውን መባባስና በኩላሊት ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም ሳቢያ የሚመጣን ሞት በድምሩ በ39 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ነገር ግን ውኃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ መድኃኒት ጥንቃቄ ይሻል፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘዎት ቀን ደግሞ እርሱም፣ ሎሳርታኑም፣ ሜትፎርሚኑም እስኪሻልዎት አይወሰዱም።

መልስ፦ የስድስት ኪሎዋ እናት

ወንድሜ መምህር፣ ባለቤቴ ከእርስዎ በፊት በዚሁ መንገድ አልፏልና ዶክተር ስላልነገሩን ስለ ጨው እኔ ልጨምር። ጨው ከበዛ ክኒኑ ፕሮቲኑን የመቀነስ ኃይሉ ይደክማል ብለው ሐኪሙ ሲመክሩን፣ «እኛ ቤት ጨው አናበዛም» ብዬ ተከራክሬ ነበር። ሲለካ ግን ሌላ ሆነ። ለአምስት ኪሎ ዛላ በርበሬ ግማሽ ኪሎ ጨው አስገብቼ ነበር የማስፈጨው። እንግዲህ ለአራት ሰው በምሠራው ወጥ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ስጨምር፣ ገና የጨው ዕቃውን ሳልከፍት ሁለት ግራም ያህል ጨው ገብቷል ማለት ነው። ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፤ ሚጥሚጣውንማ ተዉት። ለአንድ ሰው በቀን የተፈቀደው ደግሞ በሁሉም ምግብ ተደምሮ ከአምስት ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

አሁን በርበሬውንም ሽሮውንም ያለ ጨው አስፈጫለሁ። በርበሬው እንዳይነቅዝ በደንብ ደርቆ፣ በጠባብ ዕቃ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። የወጡን ጨው ከእሳት ሲወርድ በእጄ ሳይሆን በማንኪያ ለክቼ እጨምራለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ስለማበዛ እንግዳ እንኳ ልብ አይልም። ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አኩርፎ ነው የበላው፤ ዛሬ ሰው ቤት ሲበላ ጨው በዛበት ብሎ የሚመልሰው እርሱ ነው። የጾሙን ነገር ደግሞ የሰዓቱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ እንጂ የጾም ምግብ ራሱ ለእርስዎ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ያለው በጨዉ ነው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ መምህር፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ የእኔ ፕሮቲን ከ410 ወደ 90 ለመውረድ አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቷል፤ በሁለት ሳምንት አይፍረዱ። ለእኛ ለስደተኞቹ አንድ ነገር ላንሣ። እዚህ አሜሪካ የኩላሊት አቅም ሲሰላ ለጥቁር ሰው ቁጥሩ ከፍ ተደርጎ ይጻፍ የነበረው ስሌት በ2021 ተቀይሯል፤ ስለዚህ የድሮ ወረቀታችሁን ከአዲሱ ጋር ስታወዳድሩ አቅሙ የወረደ ቢመስላችሁ፣ የወረደው ኩላሊቱ ይሁን ስሌቱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ኩላሊትን የሚያደክመው የዘር ምክንያትም በኢትዮጵያውያን ላይ አለመገኘቱ በ2011 ታትሟል። እኔ ይህን ሰምቼ በዘሬ ተመክቼ ነበር፤ ስኳሩ ግን ዘር አልጠየቀኝም።

መልስ፦ አንድ አባል ከጎንደር

ሽፈራው ቅጠል በማር በጥብጠው ጠዋት ጠዋት ቢጠጡ፣ ውኃም በቀን አምስት ሊትር ቢጠጡ ፕሮቲኑ ታጥቦ ይወጣል። ለብዙዎች ሠርቷል።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ወንድሜ፣ ቅን አሳቢነትዎን አከብራለሁ። ነገር ግን ፕሮቲን በውኃ የሚታጠብ ቆሻሻ አይደለም፤ ውኃ ሽንቱን ስለሚያቀጥነው በወረቀቱ ላይ የቀነሰ ይመስላል እንጂ የሚያመልጠው መጠን ያው ነው። ማሩ ደግሞ ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር ነው። ሽፈራው የኩላሊት ፕሮቲንን ስለ መቀነሱ በሰው ላይ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም፤ ምን እንደተቀላቀለበት ያልታወቀ የባሕል መድኃኒት ጠጥተው ኩላሊታቸው ደክሞ የሚመጡ ሕመምተኞችን ግን በተደጋጋሚ አክሜአለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ፦ መምህር ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሜ ሎሳርታን 50 ሚሊግራም ጀምሮልኝ ኋላ 100 አድርሶታል፤ ሳሉ በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ። ዲክሎፌናክ ትቻለሁ። ሽሮዬን እበላለሁ፤ ክብደቴም ሁለት ኪሎ ተመልሷል። ግፊቴ 127 በ78፣ ክሬቲኒኑ 1.3፣ ፕሮቲኑ 395 ሆኗል። ነገር ግን ፖታሲየሜ 5.4 ስለሆነ በሳምንት ድገም ተብያለሁ። ሙዝ አላበዛም። ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የስድስት ኪሎዋ እናት

ጨዉን በምን ተኩት?

መልስ፦ መምህር ከደብረ ማርቆስ

ወንድሜ ከሪያድ «ለግፊት የሚሆን ጨው» ብሎ ልኮልኝ እርሱን ነው የምንጠቀመው።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ከ640 ወደ 395 መውረድ 38 በመቶ መቀነስ ነው፤ መጀመሪያ የምንፈልገው ቢያንስ 30 በመቶ ስለነበር ውጤቱ ጥሩ ነው። አሁን የዚያን ጨው ቆርቆሮ ያንብቡልኝ። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚል ካለበት ጨዉን ያቁሙ እንጂ ሎሳርታኑን አያቁሙ፤ ሎሳርታን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ስለሚያቆይ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ምርመራውን ግን ከተባለው ቀን አያሳልፉ።

መልስ፦ መምህር ከደብረ ማርቆስ

አነበብኩት፤ ሁለት ሦስተኛው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው ይላል። ከዚያው ቀን ጀምሮ ትቼዋለሁ። በሳምንቱ ስለካ 4.8 ሆነ፤ ሎሳርታኑ በነበረበት ቀጥሏል። ወንድሜም ሌላ ሁለት ቆርቆሮ አስጭኖ ስለነበር ደውዬ አስመልሼዋለሁ።