ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ክፍል 7,000 ብር? ገበያው እውነት እዚህ ደርሷል?

የብርዱ እንግዳ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ተዛውሬ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ቆየሁ። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ባለቤቴና ትንሽ ልጃችን አብረውኝ ናቸው። ጠባሴ አካባቢ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ይዘናል። ስንገባ 4,500 ብር ነበር። ሰሞኑን አከራያችን ብቅ ብለው «ከመስከረም ጀምሮ 7,000 ነው። የሚከብዳችሁ ከሆነ አትቸገሩ፣ የሚገባ ሰው አለ» አሉን። አነጋገራቸው ጨዋ ነው፤ ያው ግን ውጡልኝ ነው።

ቤቱ ምን የመሰለ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ የመጣ ለት ሌሊት ተነስቶ በርሜል መሙላት የኔ ሥራ ነው። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ መብራት የምንከፍለው ተካፍለን ነው። አንዱ ጎረቤታችን ምድጃ ሰክቶ ያድራል። በዚህ ብርድ እሱንም አልፈርድበትም።

አዲስ አበባ እያለሁ ኪራይ ሲያንገሸግሸኝ «ክፍለ ሀገር ብወጣ እገላገላለሁ» እል ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ርቄም ከኪራይ ጣጣ አላመለጥኩም። ሌላ ቤት ስፈልግ ደግሞ ደላሎች የሚያሳዩኝ ሁሉ አንድ ክፍል ነው። ልጅ አለኝ ስላቸው ፊታቸው ይቀየራል።

እዚህ የምትኖሩ እስቲ ንገሩኝ። ዋጋው ለሁሉም እንዲህ ነው ወይስ እንግዳ ስለሆንኩ ነው? ለአባወራ የሚሆን ሁለት ክፍል በ5,000 ዙሪያ የሚገኝበት ሠፈር አለ? አዲስ የወጣው የኪራይ ሕግስ እኛ ጋ ይሠራል? ውል ብለን የፈረምናት አንዲት ወረቀት አለች፣ ጊዜዋ አልፏል።

ማታ ፈረቃ

ወንድሜ፣ እንግዳ ስለሆንክ አይደለም። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ እኔንም አይምሩኝም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው። አንዲት ክፍል ለአራት ይዘናል። አከራያችን ኪራዩን የቆረጠችው በነፍስ ወከፍ ነው፣ በሰው 1,000 ብር። አምስተኛ ልጅ እንጨምር ስንላት ደስ አላት። ቤቱ አይሰፋ፣ ኪራዩ ይሰፋል። ሁለታችን ቀን ሁለታችን ማታ ስለምንገባ ፍራሹ አይቀዘቅዝም።

እንግዲህ አስበው። አንተ ለቤተሰብህ 4,500 የምትከፍልበትን ሁለት ክፍል ለስምንት ሴቶች ቢሰጡት 8,000 ነው። እኛንም አትጥላን፤ በኛ ደመወዝ ለብቻ ቤት መያዝ የሚታሰብ አይደለም።

ጡረተኛዋ መምህርት

ልጄ፣ እኔ አከራይ ነኝ። ስድብ ቢመጣም ልቀበል ተዘጋጅቼ ነው የምጽፍልህ።

ልጆቼ ሥራ ይዘው ሲሄዱ ጓሮ ያሉትን ክፍሎች ማከራየት ጀመርኩ። ያኔ ተከራይ ለምነን ነበር የምናስገባው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ሥራ ሲጀምር መምህሩም የአስተዳደር ሠራተኛውም ቤት ፈላጊ ሆነ። ቀጥሎ የቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ። በ2011 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በጸጥታው ችግር ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣ ሕዝብ አለ። ጥሪት የተረፈው መጠለያ አይገባም፣ ቤት ይከራያል። ዋናው መንገድ ዳር ሲበቅል የምታየው ፎቅ ግን ለባንክ፣ ለሱቅና ለፔንሲዮን ነው። ሰው የሚያድርበት ያው የኛ ጓሮ ነው።

ማታ ፈረቃ ያለችው እውነት ነው፣ ግን ነገሩ ከዚያም ይብሳል። ለአባወራ የሚሆን ቤት የጠፋው ተቆራርጦ ነው። በኛ ሠፈር ሳሎንና ሁለት መኝታ ያላቸው ቤቶች ነበሩ። ዛሬ ሳሎኑ በቺፑድ ተከፍሎ ሁለት ሆኗል። በረንዳው ግድግዳ ተነሥቶለት ክፍል ሆኗል። ጎረቤቴማ ማዕድ ቤቷንም አልማረችው፤ በር አስወጥታ አከራየችው፣ አሁን እሷ ራሷ ወጥ የምትሠራው በረንዳ ላይ በከሰል ነው። ሙሉ ቤቱን ለአንድ አባወራ በ8,000 ከምትሰጥ ክፍል በክፍል ስትሰጠው እጥፍ ያመጣላታል። አንዱ ቢወጣባት የቀሩት አሉ። አባወራ የወጣ ቀን ግን ገቢዋ ጭራሽ ይቆማል።

ልጅ ሲባል ፊታቸው የሚቀየረውም ልጅ ጠልተው አይደለም። ልጅ ያለበት ቤት ውሃ ያበዛል፣ በየቀኑ ልብስ ይታጠባል፣ ዳይፐሩ ጉድጓድ ይደፍናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጅ የያዘን ሰው ውጣ ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አያስገቡትም።

አከራይ ስግብግብ ነው ትሉ ይሆናል። ስግብግብም አለ። ግን ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥልኝ ልጅ ዋጋ ሲነግረኝ ዓይኔን አያይም። ጣራዬ ያፈሳል፣ ጡረታዬን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኔም ጨምሬአለሁ፤ በየክፍሉ 500 ብር። 2,500 በአንዴ ግን ሰው ማስወጫ ዋጋ ነው። አከራይህ የፈለጉት ብሩን ሳይሆን ክፍሉን ይመስለኛል። እስቲ ግቢውን ልብ ብለህ እየው። ብሎኬት ወይም አሸዋ ገብቷል?

ሌላው፣ ጊዜው ክፉ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ዝውውር የደረሰውም፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባውም አንድ ላይ ቤት ፍለጋ ይወጣል። ጥር ላይ ያው ቤት ባዶውን ታገኘዋለህ፤ ባለቤቱም ለድርድር ይለሰልሳል።

ደግሞ ብሎኬት ካልሆነ አትበል። ከተማችን ያለችው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ሊሾ ወለል፣ እዚያ ውስጥ ሕፃን ይዘህ እንዳትገባ። በደንብ የተመረገ የጭቃ ቤት ኮርኒስ ካለው ይሞቃል፤ ዋጋውም ቀነስ ይላል። ልታይ ስትሄድ ግድግዳውን ከወለሉ አጠገብ በእጅህ ዳስሰው። ከረጠበህ ወይም ቀለሙ ተላልጦ ከተነሣ ውልቅ በል። አልጋ ከተገፋበት ጥግ ጀርባም እይ፣ ሻጋታውን የሚደብቁት እዚያ ነው።

ሰነድ አንባቢ

ስለ ሕጉ እኔ ልመልስ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል የለም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባሳወቀው ልክ፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነው። በዚህ ከሄድን የመስከረም 2,500 ብር መሠረት የለውም።

ነገር ግን አዋጁ አዲስ አበባና ድሬዳዋን በስም ይጠቅሳል፤ ከክልል ከተሞች የሚመለከተው ክልሉ የሚወስናቸውን ነው። ስለዚህ አከራይህን «ሕግ አለ» ብለህ ከማስደንገጥህ በፊት ከተማ አስተዳደሩ ሄደህ የኪራይ ውል የሚመዘግብ ክፍል አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ካለ እዚያው መፍትሔ ታገኛለህ። ከሌለ የቀረህ ውልህና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ ያቺ ወረቀት ጊዜዋ ባያልፍ ኖሮ እስክታልቅ ድረስ ዋጋውን ለብቻቸው መለወጥ አይችሉም ነበር። የሚቀጥለው ውልህ ላይ የመብራቱን አከፋፈልም አስገባ። ሰው ሁሉ ኪራዩን ብቻ ይጽፍና ዓመቱን ሙሉ በቆጣሪ ይጣላል።

ደላላው ራሱ

ከመሰደቤ በፊት ልናገር። ባለቤቱ 5,000 ሲል «6,000 ያወጣል» የሚል ደላላ አለ። ኮሚሽኑ በኪራዩ ልክ ነዋ፣ ማን ዝቅ እንዲል ይፈልጋል?

ለአንተ ግን አንድ ነገር ልጠቁምህ። ሰርቪስ መፈለግ ተው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ፣ ያላለቀ ቤት ፈልግ። ጥበቃ ቀጥሮ ከሚከፍል ቤተሰብ ገብቶ ቢጠብቅለት ይመርጣል፤ ልጅ ያለው አባወራ የሚፈለገው እዚያ ብቻ ነው። ዳር ላይ ነው፣ ባጃጅ ከመሸ አይገባም፣ መስኮቱ ግማሹ በላስቲክ የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ሦስት ክፍል በምትለው ዋጋ ይገኛል። መብራቱ የራሱ ቆጣሪ ያለው ነው ወይስ ከጎረቤት የተሳበ ብለህ መጠየቅ እንዳትረሳ። የተሳበ ከሆነ ምጣድ እርሳው።

የብርዱ እንግዳ

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ አየሁ። ከአጥሩ ሥር ብሎኬት ተደርድሯል፣ ላዩ ላይ ሸራ ጣል አድርገውበታል። ባለቤቴ «እኔማ ለአጥር መስሎኝ» አለችኝ። አሁን ልለምናቸው ወይስ ዝም ብዬ ልፈልግ?

ጡረተኛዋ መምህርት

ሁለቱንም አድርግ። ብሎኬቱ ቢገባም ዝናቡ ሳያባራ ግንበኛ አይጀምርላቸውም። እስከዚያ ክፍሉ ባዶውን ቢቀመጥ ምን ይጠቅማቸዋል? አዲስ ሰው ቢያስገቡም ሥራው ሲጀመር ይጨቃጨቃቸዋል። ባለቤትህን ይዘህ ሂድና «እስከ ታኅሣሥ በ5,500 እንቆይ፣ ሥራ ስትጀምሩ ያለ ንትርክ እንለቃለን» በላቸው። ታኅሣሥ ላይ ስትወጣ የመስከረሙ ግርግር አልፏል፣ ቤትም ረጋ ብለህ ታማርጣለህ። እሺ ካሉህ በቃል አትመለስ። ቀኑንና ብሩን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ከጎረቤትም ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ኪራዩንም ከእንግዲህ በእጅ አትስጥ፣ በባንክ ላክላቸው።

ማታ ፈረቃ

እትዬ፣ እርስዎ ጋ ለሁለት ሴቶች የሚሆን ክፍል የለም?

ጡረተኛዋ መምህርት

አሁን ሞልቷል፣ ልጄ። ከጥምቀት በኋላ አንዷ ትዳር ይዛ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ጻፊልኝ። በነፍስ ወከፍ አልቆርጥም።