ቤታችን ጥድ ደን ውስጥ ነው፤ ዛፎቹ ሁሉ መቆረጥ አለባቸው?

ጠያቂ፦
ቤታችን ተዳፋት ላይ፣ በጥድ የተከበበ ነው። የሰደድ እሳት ተቆጣጣሪ አይቶት በዙሪያው እስከ 30 ሜትር የመከላከያ ክልል እንድናዘጋጅ አዝዞናል። ባለቤቴ «ዛፎቹ ሁሉ ይቆረጡ ማለት ነው» ትላለች፤ እኔ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ገንዘባችንም ውስን ነው። ከየት እንጀምር?

ዝግባ፦
ወንድሜ፣ መጥረቢያውን ለጊዜው አስቀምጠው። 30 ሜትር ሲባል መሬቱ ይመለጥ ማለት አይደለም። የምትጀምረው ከግድግዳው ነው። ብዙ ቤት የሚቃጠለው ነበልባሉ ደርሶበት ሳይሆን ነፋስ ከሩቅ በሚያመጣው ፍንጣሪ ነው። አሸንዳ ውስጥ ያለ ደረቅ ቅጠል ወይም ግድግዳ የተጠጋ ቁጥቋጦ ለዚያ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ስለዚህ ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር የሚነድ ነገር አይኑር፤ ጠጠር አልብሰው። ጣሪያውንና አሸንዳውን ጥረግ። የአየር ማስገቢያዎቹን ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት ሸፍን። ለዚህ ሁሉ አንድም ዛፍ አይቆረጥም!

ሰማያት፦
ዝግባ ያለው ልክ ነው፤ ዛፎቹን ግን ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ከቤቱ በታች ያለው ወገን ይበልጥ ይሳሳ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት የሰደድ እሳት መመሪያ በዛፎች ቅርንጫፎች መካከል በሜዳ 3 ሜትር፣ ከ40 በመቶ በላይ በሆነ ተዳፋት (በ10 ሜትር አግድም ርቀት ከ4 ሜትር በላይ ከፍ በሚል) ደግሞ 9 ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ይመክራል። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ከመሬት እስከ 1.8 ሜትር መልምሉ። ከዛፍ ሥር ቁጥቋጦ ካለ፣ ከቁጥቋጦው ጫፍ እስከ ዛፉ የመጀመሪያ ቅርንጫፍ የቁጥቋጦው ቁመት ሦስት እጥፍ ክፍተት ይተው፤ አለዚያ ለእሳቱ መሰላል ይሆነዋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማገዶው ከበረንዳው ሥር ነው፤ ምን ያህል ላርቀው? ደግሞ 30 ሜትሩ የጎረቤት መሬት ውስጥ ይገባል።

ዝግባ፦
ማገዶውን ዛሬውኑ አውጣው! ከ9 ሜትር በላይ ይራቅ፤ ዙሪያውም ይጽዳ። ወሰንን በተመለከተ፣ በካሊፎርኒያ ሕግ የባለቤቱ ግዴታ ወሰኑ ላይ ያበቃል፤ የእናንተን ደንብ ተቆጣጣሪውን ጠይቅ። ያለ ፈቃድ የጎረቤት ዛፍ አትንካ፤ ግን አነጋግረው። የእርሱ ቤት ከተቀጣጠለ ሙቀቱ ለአንተም ይተርፋል።

የንጋት፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ! ሣሩ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አይደግ፤ ስታጭዱ ግን በማለዳ፣ ነፋስ በሌለበት ይሁን። የማጨጃ ማሽኑ ምላጭ ድንጋይ ሲመታ የሚወጣው ብልጭታ ራሱ ሰደድ እሳት ያስነሳል። በሙቀትና በነፋስ ቀን ማጨጃውን አታስነሱ።