የሰውነት ሴሎች የባክቴሪያ መርዝን በምን ያውቁታል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ኢሚውኖሎጂ እያጠናሁ አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁ። ማስታወሻዬ ላይ ማክሮፋጅ (ባክቴሪያ የሚውጠው የመከላከያ ሴል) ቲኤልአር 4 በሚባል ሪሴፕተር (ተቀባይ ፕሮቲን) የባክቴሪያ ቶክሲን፣ ማለትም መርዝ፣ ይለያል ይላል። ግን ቶክሲን እኮ አንድ አይነት አይደለም፣ አንዱ የሴል ሽፋን ይበሳል፣ ሌላው ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን ያበላሻል፣ ታዲያ አንድ ሪሴፕተር ይሄን ሁሉ እንዴት ያውቃል? ወይስ ለእያንዳንዱ የየራሱ ሪሴፕተር አለው? እባካችሁ እህታችሁን አስረዷት፣ ሁለት ቀን ሙሉ አልገባኝ ብሏል።

መልስ 1፦
ግራ ያጋባሽ ቃሉ ነው፣ በጣም የሚለያዩ ነገሮችን ቶክሲን ብለን በአንድ ስም ስለምንጠራ። ቲኤልአር 4 የሚያውቀው ኢንዶቶክሲንን ነው፣ እሱ ደግሞ ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝ ሳይሆን ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት፣ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ያላቸው ባክቴሪያዎች የዚያ የውጭ ሽፋን አካል ነው፣ ኤልፒኤስ የሚባለው፣ ለዚህም ነው ባክቴሪያው ሞቶ እንኳን ሰውነት የሚቆጣው። ከኤልፒኤስም ቢሆን ነገር የሚያስነሳው ሊፒድ ኤ የተባለው የቅባት ክፍሉ ነው። ደም ውስጥ ያለ ኤልቢፒ የሚባል ፕሮቲን ያነሳውና የማክሮፋጁ ሽፋን ላይ ላለው ለሲዲ 14 ያቀብለዋል፣ ሲዲ 14 ደግሞ ከቲኤልአር 4 ጋር ተጣብቆ ለሚኖረው ለኤምዲ 2፣ ቅባቱ እዛ ኪስ ውስጥ ሲገባ ሁለት ሪሴፕተሮች ይጣመሩና ምልክቱ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ጂን የሚያስነሳ ፕሮቲን ኒውክለስ ይገባል፣ ከዛ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 ምናምን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። የደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያሳልፋሉ፣ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፣ ያው መቅላቱ፣ እብጠቱ፣ ትኩሳቱ ማለት ነው። ይሄን በ1998 ያገኙት ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቹ ናቸው፣ ኤልፒኤስ ሲሰጣቸው ምንም የማይሆኑ አይጦች ነበሩ፣ የተበላሸባቸው ጂን የቲኤልአር 4 ሆኖ ተገኘ፣ ቦይትለር በ2011 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው።

መልስ 2፦
ትክክል ነው ግን ስለሚረጩት መርዞች አልመለስክላትም። እህቴ፣ ለብዙዎቹ ሴሉ የሚያየው መርዙን ሳይሆን መርዙ ያደረሰውን ጉዳት ነው። የስታፊሎኮከስ ኦውረስ አልፋ ቶክሲን ሽፋኑን ሲበሳ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ኤንኤልአርፒ 3 የሚባለው ሴሉ ውስጥ ያለ አደጋ ጠቋሚ ፕሮቲን የሚነሳው በዛ ነው፣ ስለዚህ የሚበሱ መርዞች መልካቸው ምንም ቢለያይ ሴሉ በፖታሲየሙ ይነቃባቸዋል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ፓይሪን የሚባለው ሌላው ጠቋሚ ፕሮቲን ነው። ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲሌ የሚባለው ባክቴሪያ ቶክሲን ሮ ኤ የሚባለውን ፕሮቲን ያጠፋዋል፣ ሮ ኤ ደግሞ በደህናው ቀን ፓይሪን እንዳይነሳ አስሮ የሚያቆየው ነው፣ እና መርዙ ሮ ኤን ሲመታ በራሱ እጅ ፓይሪንን ፈታው ማለት ነው!! የኤንኤልአርፒ 3ም የፓይሪንም መንገድ ካስፔዝ 1 የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ላይ ይገናኛል፣ እሱ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ቆርጦ ያዘጋጃል፣ ጋስደርሚን ዲ የሚባለውን ፕሮቲንም ይቆርጣል፣ ጋስደርሚኑ ሽፋኑ ላይ ቀዳዳ ይሰራና ሴሉ ፈንድቶ ይሞታል።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ፣ የፓይሪኑማ ልቤን ነው የነካው። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ቲኤልአር 4 ያለው ሽፋን ላይ ነው፣ ኤልፒኤስ ሴሉ ውስጥ ዘልቆ ቢገባስ ማን ያየዋል?

መልስ 2፦
ካስፔዝ 4 እና ካስፔዝ 5፣ አይጥ ላይ ካስፔዝ 11 ነው። እነሱ መሃል ላይ ሌላ ሪሴፕተር ሳይፈልጉ ራሳቸው ሊፒድ ኤን ይይዙና ቀጥታ ጋስደርሚን ዲን ይቆርጣሉ። ማስታወሻሽ ላይ ከቲኤልአር 4 ለይተሽ ጻፊው፣ ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።