ዋይፋዩ ስልኬ ላይ ይሠራል፣ ላፕቶፔ ላይ ግን ይቆራረጣል፤ ኡቡንቱ 22.04

የማርቆሷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን እየጨረስኩ ነው፤ ላፕቶፔ ግን አላሠራ አለኝ። በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው ሲስተም ነው የተጫነበት። ዋይፋዩን ይይዛል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይሠራና ቀጥ ይላል። ከላይ ያለው ምልክት ተገናኝቷል ይለኛል፤ ገጽ ግን አይከፍትም። አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ነው። ራውተሩ ያለው አከራዬ ሳሎን ነው፤ የእኔ ክፍል ከግድግዳው ወዲህ። ስልኬ እዚያው አልጋዬ ላይ ሆኖ ቪዲዮ ሳይቀር ይከፍታል። ትናንት ማታ ለአማካሪዬ ምዕራፍ ሦስትን ልልክ ስል ሦስቴ ተቋረጠብኝ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ጣና ዳር፦
ራውተሩን ንቀይውና ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቆይተሽ መልሰሽ ሰኪው። ካልሆነ 5 ጊጋኸርዝ በሚለው ኔትወርክ ግቢ፤ ፈጣን ነው። እሱም እምቢ ካለሽ ዊንዶውስ ብትጭኚበት ይሻልሻል።

ዳሞት፦
ጣና ዳር፣ ዊንዶውሱን እንተወው። ጽሑፏ ማሽኑ ላይ እያለ ሲስተም መቀየር አልመክርም። ስልኩ እዚያው ክፍል ውስጥ በዚያው ራውተር የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት ላፕቶፑ ነው።

እህቴ፣ የላፕቶፕሽን የዋይፋይ ካርድ እንወቀው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ክፈቺና በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ ብለሽ አያይዘሽ ጻፊ፤ ከዚያ ኢንተር። ከሚመጡት መስመሮች ውስጥ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን ፈልጊና ከአጠገቡ ያለውን ስምና ቁጥር ላኪልን። ብሉቱዝሽ ክፍት ከሆነም ለሙከራ ዝጊው። ብዙ ካርዶች ላይ ዋይፋይና ብሉቱዝ አንድ አንቴና ነው የሚጋሩት።

የማርቆሷ ልጅ፦
«ሪልቴክ አርቲኤል8723ቢኢ» ይላል። ብሉቱዙን ዘጋሁት፣ ለውጥ የለም። 5 ጊጋ የሚለውን ስልኬ ያየዋል፤ ላፕቶፔ ግን ጭራሽ አያመጣልኝም።

መምህሩ ከቡሬ፦
አያመጣልሽም ልጄ። ይህ ካርድ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ በእሱ አትድከሚ።

በመጀመሪያ የኃይል ቁጠባውን እናጥፋው። ኡቡንቱ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የዋይፋይ ካርዱን በየመሀሉ ያስተኛዋል። አንዳንዱ ካርድ ከተኛ በኋላ ቶሎ አይነቃም። ምልክቱ እያለ ገጽ አልከፍት ያለሽ በዚህ ሊሆን ይችላል።

ኢቲሲ የሚለው ፎልደር ውስጥ ኔትወርክማናጀር አለ፤ እሱ ውስጥ ደግሞ ኮንፍ ነጥብ ዲ የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ «ዲፎልት ዋይፋይ ፓወርሴቭ ኦን» የሚል ፋይል ታገኛለሽ። በተርሚናል፣ በሱዶ ናኖ ክፈቺው (ሱዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፣ ናኖ ደግሞ ጽሑፍ ማረሚያ)፤ እንዲሁ ከከፈትሽው ሴቭ አያደርግልሽም። ውስጡ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ 3 ቁጥር አለ። 3 ማለት ቁጠባው ይብራ ነው፤ 2 ማለት ይጥፋ። 3ቱን አጥፊና 2 ጻፊ። ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ። ማሽኑን ሪስታርት አድርጊ። ሌላ ምንም ነገር አትንኪ፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።

እስከዚያው ምዕራፉን መላክ ካለብሽ ስልክሽን በቻርጀር ኬብሉ ላፕቶፑ ላይ ሰኪና ከስልኩ ሴቲንግ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሪ። ስልኩ የያዘውን ኢንተርኔት በገመድ ይሰጥሻል።

የማርቆሷ ልጅ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምዕራፉን በኬብሉ ላክሁት። ፋይሉንም እንዳሉኝ ቀየርኩ። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። አሁን የቀረኝ ፍጥነቱ ነው። ክፍሌ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ያሳያል። ላፕቶፑን ሳሎን ስወስደው ይሞላል።

ጣና ዳር፦
ይቅርታ፣ ካርዱን ሳልጠይቅ ነው የቸኮልኩት። ራውተሩ ቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ብረት ቁም ሳጥን ላይ ከሆነ አከራይሽን አስፈቅደሽ ከፍ ያለ ቦታ አድርጊው። ቆርቆሮና ብረት ሲግናል ይመልሳል።

የጮቄ ልጅ፦
እሱም ይረዳል፤ ግን ስልኳ እዚያው ክፍል ውስጥ ደህና ነው የሚይዘው። የአንቴና ጉዳይ ይመስለኛል። እኔም ይሄው ካርድ ነበረኝ። ጀርባውን ስከፍተው ካርዱ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ሁለት መሰኪያ አለች። አንዷ ላይ ቀጭን ጥቁር ሽቦ ተሰክቷል፣ ሌላዋ ባዶ ናት። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም) ባዶዋን መርጦ ነበር ሲያዳምጥ የከረመው። ላፕቶፕሽን መክፈት አያስፈልግሽም፤ በትእዛዝ ይቀየራል።

መጀመሪያ ለኪ። ኤን ኤም ሲ ኤል አይ፣ ክፍተት፣ ዲ ኢ ቪ፣ ክፍተት፣ ዋይፋይ ብለሽ ጻፊ። «ሲግናል» በሚለው ሥር ከ100 ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ያዢ። ከዚያ ድራይቨሩን አውጪው፦ ሱዶ፣ ሞድፕሮብ፣ ሰረዝ አር፣ የካርዱ ስም በትንንሽ ፊደል። ቀጥሎ ያለ ሰረዝ አር መልሰሽ አስገቢው፤ ከስሙ በኋላ ክፍተት ተይና አንት፣ የታች ሰረዝ፣ ሰል፣ እኩል ይሆናል፣ 2 ጨምሪበት። አንት ኤ ኤን ቲ ነው፣ ሰል ደግሞ ኤስ ኢ ኤል። እንደገና ለኪ። ካልተሻለ በ2 ፋንታ 1 ሞክሪ። አትፍሪ፣ ሪስታርት ስታደርጊ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የማርቆሷ ልጅ፦
አልጋዬ ላይ ሆኜ 31 ነበር። በ2 ስሞክር 76 ሆነ! ማመን አቅቶኝ ሁለቴ ለካሁት። እንዲህ እንዳለ እንዲቆይ ምን ላድርግ?

የጮቄ ልጅ፦
እሰይ! ኢቲሲ ውስጥ ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ስሙ በነጥብ ኮንፍ የሚያልቅ አዲስ ፋይል በሱዶ ናኖ ክፈቺ። አንድ መስመር ብቻ ጻፊ፦ ኦፕሽንስ፣ ክፍተት፣ የካርዱ ስም፣ ክፍተት፣ ያው የአንቴናው ቃል ከነ2ቱ። ኦፕሽንስ መጨረሻው ላይ ኤስ አለው፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከእንጅባራ፦
እኔም እንደሷ ይቆራረጥብኛል፣ ካርዴ ግን ኢንቴል ነው። ይሄው ይሠራልኛል?

መምህሩ ከቡሬ፦
የኃይል ቁጠባው ይሠራል፤ ከእሱ ጀምር። የአንቴናው ትእዛዝ ግን የዚያ ካርድ ድራይቨር ብቻ የሚያውቀው ነው፤ አንተ ጋ አይሆንም። ቁጠባውን አጥፍተህ አሁንም ከተቆራረጠ፣ ልክ በተቋረጠበት ደቂቃ ሱዶ፣ ክፍተት፣ ዲ ኤም ኢ ኤስ ጂ ብለህ ጻፍና የመጨረሻዎቹን አሥር መስመሮች አምጣልን።

የማርቆሷ ልጅ፦
ጻፍኩት፣ ሪስታርት አደረግሁ፣ 74 ነው። መምህር፣ የጮቄ ልጅ፣ ዳሞት፣ ሁላችሁም ክበሩልኝ። ምዕራፍ አራትን ከክፍሌ ነው የምልከው።