የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ታሪክ በግቢው ይቁም፦ ረቂቁ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊው (የ1966 ባች)፦ ባለፈው እሁድ ያወራነውን ወደ ወረቀት ላውርደው ብዬ ነው። ግቢውን ለያዘው ለእንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የምናቀርበው ሐሳብ ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ፤ ከዚያ ከበለጠ የሚያነበው የለም። ዋናው ጥያቄያችን ግቢው ውስጥ የትምህርት ቤቱን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ እንዲቆም ነው። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ከከፈቱት መቶ ዓመት ሞልቶ አልፏል። ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ብሎ የሚገባ ልጅ እዚያው ግቢ አንድ ጊዜ ትምህርት በፈረንሳይኛ ይሰጥ እንደነበር በምን ይወቅ?

የ1962 ባች፣ ከሜሪላንድ፦ ጥሩ ነው፣ ግን ሰሌዳ ብቻ አይበቃም። ስሙ ይመለስ! ዳግማዊ ምኒልክ ዛሬም ዳግማዊ ምኒልክ ነው። ዊንጌት እንደኛው ሁለተኛ ደረጃ ነበር፣ እንደኛው ፖሊ ቴክኒክ ሆነ፣ የእንግሊዙን ጄኔራል ስም ግን እንደያዘ አለ። የኛ ለብቻው ምን በድሎ ነው?

የ1974 ባች፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ የተማርኩት እንጦጦ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ዩኒፎርሜም፣ ጓደኞቼም፣ የተባረርኩበት ቀንም እንጦጦ ነው። ለእርስዎ የተመለሰው ስም ከእኔ ላይ የተወሰደ ሊሆን ነው። ደግሞስ ስድስት ኪሎ አካባቢ ስሙን ያልቀየረ ማን አለ? ዩኒቨርሲቲው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር። የካቲት 12 ሆስፒታልም ቤተ ሳይዳ ነበር፣ እሱንም ያሠሩት ራስ ተፈሪ ናቸው። የስም ጥያቄ ከገባበት ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይኖራል፣ ሰሌዳውም አብሮ ይቀራል።

የ1962 ባች፣ ከሜሪላንድ፦ መባረርህን አላውቅም ነበር፣ ሃሃ። እሺ፣ ስሙ ለጊዜው ይቆይ። ሰሌዳው ላይ ግን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እንዳይረሱ፤ መጀመሪያ የበላይ ተቆጣጣሪ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከጠላት ወረራ በኋላ ከካናዳ ኩቤክ የመጡት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናትም ይግቡ። ካህናት ሆነው ሳለ ቀሚሳቸውን አውልቀው፣ በሱፍና በከረባት ነበር የሚያስተምሩት፤ ንጉሡ የፈለጉት መምህር እንጂ ሰባኪ አልነበረማ። ኃላፊያቸው ሉሲየን ማት በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት እዚያ ተሾሙ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ኮሌጅ አለቃ የሄደው ከኛ ግቢ ነው ማለት ነው። ይህን ዊንጌቶች ያንብቡት።

አንድ አባል፣ ግቢው ውስጥ የሚያስተምር፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሰሌዳው የእናንተን ዘመን አሞግሶ ቴክኒክና ሙያውን እንደ ውድቀት ካቀረበው፣ ብየዳ የሚማር ልጅ ቆሞ አያነበውም። «ድሮ እዚህ ሰው ይማር ነበር» የሚል ነገር ነው የሚሆንበት። ያሁኑም ሥራ በእኩል ይጻፍ።

ጸሐፊው፦ ልክ ነህ። ረቂቄ ውስጥ «የቀድሞው ክብር» የሚል ነገር ጽፌ ነበር፣ አወጣሁት።

ትናንት መሳቢያ ስፈትሽ የታናሽ ወንድሜን ካርድ አገኘሁ። ራስጌው ላይ ተፈሪ መኮንን የሚለው በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ጊዜ ተሰርዟል፣ ከላዩ «እንጦጦ» ተጽፏል። ስረዛው ቀጭን ስለሆነ ሁለቱም ይነበባሉ። እኔ ሰሌዳው እንደዚህ ካርድ ቢሆን ነው የምለው፤ ከላይ ሁሉም ስሞች በየተራቸው፣ ከሥር ካርዱ ራሱ በትልቁ ታትሞ። ስም ይመለስ ወይስ ይቅር የሚለው ውስጥ አንገባም።

የ1974 ባች፦ በዚህ እስማማለሁ። የኔም ካርድ አለ፣ ውጤቱን ሸፍናችሁ ከሆነ።

የ1962 ባች፣ ከሜሪላንድ፦ እኔም ይሁን። የሕትመቱን ወጪ እዚህ ካሉት ጋር ተነጋግሬ እነግራችኋለሁ። ግን ከሰሌዳው በፊት በዕድሜ የገፉትን ድምፅ እንቅረጽ። ድንጋይ ይጠብቃል፣ እኛ አንጠብቅም።

ጸሐፊው፦ ቀረጻውን አንደኛ አድርጌ አስገባዋለሁ። ካርድ፣ ፎቶ፣ ያለው እስከ ዓርብ ይላክልኝ፤ በስልክ ስታነሱ የመብራቱ ጥላ እንዳያርፍበት። ደብዳቤውን ሰኞ በእጄ አደርሳለሁ።