መኪናዬ ተቃጠለች፤ ካሳ ማንን ልጠይቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኛል፣ የሚያውቅ ሰው ይምራኝ።

መኪናዬ ከጋራዥ በወጣች በሦስተኛው ቀን ተቃጠለች። የነዳጅ ቱቦ ተቀይሮላት ነበር። እየነዳሁ ቤንዚን ሸተተኝ፤ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከኮፈኑ ስር ጭስ ሲወጣ ሳይ ቁልፉን እንኳ ሳልነቅል ወረድኩ። አሁን የቀረኝ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። መሪው ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተንጠልጥሏል። ሰው አለመጎዳቱ ተመስገን ነው።

ኢንሹራንሴ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በሌላ ሰው ላይ ለማደርሰው ጉዳት እንጂ ለራሴ መኪና አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና አለመግባቴ አሁን ነው የቆጨኝ።

ጋራዡ «ጥፋቱ የኛ አይደለም፣ ሽቦው ነው» ይላል። ደረሰኙ በእጄ ነው፤ የተቀየረው ዕቃ ተጽፎበታል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሪፖርትም አለኝ። ግን «እሳቱ ከሞተር ክፍሉ ተነሳ» ከማለት አላለፈም።

ጋራዡን ለመክሰስ ይሄ ይበቃል? ወይስ ገለልተኛ ባለሙያ መርምሮ መንስኤውን መጻፍ አለበት? ቱቦው ራሱ ከመጀመሪያው ብልሽት ካለበትስ ሻጩን ወይም አምራቹን አብሬ መክሰስ እችላለሁ?

ደግሞ ጋራዡ «ቅሪቱን በነፃ እናንሳልህ» እያለኝ ነው። ደግነቱ አላማረኝም። ማስረጃዬን ይዞብኝ እንዳይሄድ ፈርቼ እስካሁን ማንንም አላስነካሁም።